ደኑን ከማን እንጠብቃለን? ለማንስ እንከፍታለን? የያዩ የቡና ደን እና የዳሪሙ ጥያቄ

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



የዛሬው ርእሴ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ጥብቅ የተፈጥሮ ስፍራዎች ናቸው። ርእሱ ሲነገር ብዙዎቻችሁ የሰሜንን ተራሮች፣ የአዋሽን ወይም የባሌን ፓርክ እንደምታስቡ እገምታለሁ። እኔ ግን የምናገረው ከዚህ አዳራሽ ብዙ ስለማይርቅ ስለ ያዩ የቡና ደን ነው። የያዩ ደን ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተጠበቀ፣ “ለሕዝብ ክፍት” የሚለው ቃልም በእርሱ ላይ ሲነገር ምን ማለት ሊሆን እንደሚገባ አስረዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቆየ የግል ገጠመኝ ልንገራችሁ፤ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የደን ወሰን ከሚከልል አንድ ቡድን ጋር ወደ ዳሪሙ ገጠር ወረድሁ። ሥራችን ቀላል ነበር። አቅጣጫ መለኪያ ይዘን እንጓዛለን፣ በየመቶ ሜትሩ አንድ ትልቅ ዛፍ እንመርጣለን፣ በግንዱ ላይ ቀይ ቀለም እንቀባለን፣ በመዝገብም እንጽፋለን። በሦስተኛው ቀን ቀለም ልቀባ በቆምሁበት ዛፍ ሥር አንድ አዛውንት ተቀምጠው አገኘሁ። ሽቅብ ስመለከት ከቅርንጫፉ ላይ አራት ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ምን እንደምንሠራ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። “አባቴ፣ ደኑን ልንጠብቀው ነው” አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ “ልጄ፣ ከማን?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቀለሙን ቀባሁ፤ ሄድሁም። በዚያ ምሽት በመዝገቡ ላይ የመሬቱን አገልግሎት በሚጠይቀው ዓምድ ውስጥ “ሰው የማይጠቀምበት የተፈጥሮ ደን” ብዬ የጻፍሁት እኔው ነኝ። አራቱን ቀፎዎች በዓይኔ አይቼአለሁ። ቅጹ ግን ለቀፎ የሚሆን ዓምድ አልነበረውም።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚያች “ከማን?” ለምትል ጥያቄ ዘግይቶ የሚሰጥ መልስ ነው።

ሁለት ዓይነት ጥበቃ

በዓለም ላይ ተፈጥሮን የመጠበቅ ዘመናዊ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካው የሎስቶን ፓርክ ይጀመራል። ዘመኑ 1872 እ.ኤ.አ. ነበር። የዚያ ፓርክ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ውብ የሆነ ስፍራ ይከለላል፣ በውስጡ ሰው አይኖርም፣ ጎብኚ ግን ገብቶ አይቶ ይወጣል የሚል ነው። “ለሕዝብ ክፍት” ሲባል ሕዝቡ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ነው። በቦታው የነበረው ነባር ሕዝብ ከዚህ “ሕዝብ” ውስጥ አልተቆጠረም።

ይህ ሐሳብ ወደ አገራችንም ገብቷል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከዝርዝሩ የወጣውም በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኙ በመሆናቸው የጥበቃው አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ሆኖም ለዚህ ጥበቃ ዋጋ የከፈለ ሕዝብ እንደነበረ መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው ዓይነት ጥበቃ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ መጣ። ዩኔስኮ በ1971 እ.ኤ.አ. “ሰው እና ባዮስፌር” የተሰኘውን መርሐ ግብር ጀመረ። በዚህ መርሐ ግብር መሠረት የሚቋቋም ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሦስት ቀጠናዎች አሉት። የመጀመሪያው ማዕከላዊ ቀጠና ነው፤ ይህ በጥብቅ የሚጠበቅ፣ ከምርምርና ከክትትል በቀር ሌላ ሥራ የማይካሄድበት ነው። ሁለተኛው ከለላ ቀጠና ነው፤ ማዕከላዊውን እንደ መቀነት ይዞረዋል፤ ደኑን የማይጎዳ አጠቃቀም ይፈቀድበታል። ሦስተኛው የሽግግር ቀጠና ነው፤ በዚህ ሰዎች ይኖራሉ፣ ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ከተሞችም ይገኙበታል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ ስፍራዎች አሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የወሰን ብዛት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው “ሰው ካለ ተፈጥሮ ይጠፋል” ከሚል ግምት ይነሣል። ሁለተኛው ደግሞ “ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ከሰው ጋር ነው፤ ስለዚህ ከሰው ጋር የሚቆይበትን ሥርዓት እንፈልግ” ይላል።

የያዩ ደን

በ2002 ዓ.ም. (2010 እ.ኤ.አ.) ያዩ እና ከፋ በአንድ ላይ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ሆነው ተመዘገቡ። ሸካ በ2012፣ ጣና ሐይቅ በ2015፣ ማጃንግ በ2017 እ.ኤ.አ. ተከተሏቸው። ከአምስቱ አራቱ በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል የሚገኙ ደኖች መሆናቸውን ልብ በሉ።

የያዩ ስፍራ ጠቅላላ ስፋት 167,021 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ ማዕከላዊው ቀጠና 27,733፣ ከለላው 21,552፣ የሽግግሩ ደግሞ 117,736 ሄክታር ነው። ከጠቅላላው ስፋት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት መሬት ነው ማለት ነው። በምዝገባው ጊዜ በውስጡ ከ150 ሺህ በላይ ቋሚ ነዋሪ ነበረ። ስፍራው ያዩን፣ ሁሩሙን፣ ዶረኒን፣ ቢሎ ኖጳን፣ አልጌ ሳቺን እና ጮራን ያካልላል። ዳሪሙ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በደኑ መካከል የገባ ወንዝ ይፈስሳል። ሶር ገባን ይቀላቀላል፣ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፣ ባሮም በጋምቤላ አልፎ ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ በያዩ ዳገት ላይ አንድ ዛፍ ሲቆረጥ ጉዳዩ የያዩ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ወደ ደኑ የገባ ሰው በላይ እንደ ቀረሮ ያሉ ግዙፍ ዛፎችን ያያል፤ ከእነርሱ ዝቅ ብለው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ ይቆማሉ፤ በቅርንጫፎቹ ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ከዚያ በታች፣ በጥላው ውስጥ፣ ቀጭን ግንድና የተራራቁ ቅርንጫፎች ያሉት ቁጥቋጦ በሺህና በሺህ ይገኛል። ማንም አልተከለውም። ያ ቁጥቋጦ አረቢካ ቡና ነው። ከሥሩ ኮረሪማ፣ በግንዶች ላይ የሚሳብ ጥምዝ አለ። ይህን ደን ከሌላው ዓለም ደን ሁሉ የሚለየው ይህ ሁለተኛው እርከን ነው፤ ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው ቡና የዱር ዘመዶቹን ያስቀረው በእነዚህ ደኖች ነው።

ለምን ይህ ደን?

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ “ቡና በብራዚልም በቬትናምም እያለ የእኛ የጫካ ቡና ለምን ያን ያህል ያሳስባል?” ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በዘረመል ውስጥ ይገኛል።

በዓለም የተሠራጨው አረቢካ ቡና ከዚህ አካባቢ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሌላው ዓለም በተወሰዱ በጣም ጥቂት ዘሮች የተስፋፋ ነው። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል በመሆኑ የዘረመል ልዩነቱ ይበልጥ ጠባብ ሆኗል። በመስክ ላይ ያለ በሚሊዮን የሚቆጠር ቡና የጥቂት ወላጆች ቅጂ ከሆነ፣ አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ሁሉንም ያጠቃል። በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ በ1869 እ.ኤ.አ. የታየው የቡና ቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና እርሻ አጥፍቶ አገሪቱ ወደ ሻይ እንድትዞር አድርጓል።

በእኛ አገር የተፈጸመው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ ፍሬውን ገና በአረንጓዴነቱ እያጠቆረ ያረግፍ ጀመር። የጅማ ተመራማሪዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለገበሬው ሊያቀርቡ ቻሉ። መፍትሔው የመጣው በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ደንና ማሳ ውስጥ ከተለያዩ እናት ቡናዎች ሰብስበው፣ ፈትነው፣ መርጠው ነው። ልዩነቱ ደኑ ውስጥ ባይኖር ኖሮ የሚመረጥ ነገር ባልኖረ ነበር።

“ታዲያ ዘሩን ሰብስበን በቀዝቃዛ ክፍል ብናስቀምጠውስ?” ትሉ ይሆናል። ስንዴና ጤፍ በዚህ መንገድ ለረጅም ዘመን ይቀመጣሉ። የቡና ዘር ግን መድረቅንና ብርድን አይችልም፤ ብዙም ሳይቆይ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ቡና በሕይወት እንደ ቆመ፣ በመስክ ላይ መጠበቅ አለበት። በጅማ አካባቢ በጮጬ የሚገኘው የመስክ የዘረመል ማዕከል የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። የመስክ ስብስብ ግን የተሰበሰበበትን ቀን ይይዛል፤ ደኑ ደግሞ አዳዲስ ልዩነት እየፈጠረ፣ ከበሽታውና ከአየሩ ጋር እየተላመደ ይቀጥላል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የዚህን ሀብት ዋጋ በገንዘብ ለመገመት የሞከሩ ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ሀይን እና ጋትስዋይለር፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ የቡና ዘረመል ሀብት ዋጋ በ5 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ 1.458 ቢሊዮን፣ በ10 በመቶ ደግሞ 420 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይሆናል ብለዋል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ሰፊ ርቀት ራሱ ትምህርት ነው። ለመጪው ትውልድ ብዙ ክብደት ከሰጠን ደኑ ውድ ይሆናል፤ ለዛሬ ብቻ ካሰብን ይረክሳል።

አሁን ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ መጥቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ መላመጃ ካልተበጀ በስተቀር፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ሙቀትና ድርቅ የሚቋቋም ቡና ካለ የምንፈልገው የት ነው? ከቆላማው ጠርዝ እስከ ደጋው አፋፍ፣ ከ1,100 ሜትር ገደማ እስከ 2,500 ሜትር በላይ በተዘረጋው በዚህ ደን ውስጥ ነው።

ደኑን የሚያሳሳው ምንድን ነው?

ደን በአንድ ቀን በመጥረቢያ ብቻ አይጠፋም። በያዩና በአካባቢው ያለው የለውጥ ሂደት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰው ከጫካው ቡና ይለቅማል፤ ይህ ደኑን እምብዛም አይጎዳም። ምርት እንዲጨምር ሲፈለግ ከቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ በየዓመቱ ይመነጠራል። በዚህ ምንጣሮ ውስጥ ከሚቆረጡት መካከል የነገ ዋንዛ፣ የነገ ቀረሮ ችግኞች ይገኛሉ። በላይ ያሉት ትላልቅ ዛፎች አሁንም ቆመዋል፤ ከሩቅ ያየ “ደኑ አለ” ይላል። ነገር ግን ወራሽ የሌለው ደን ነው። የቆሙት ሲያረጁ የሚተካቸው አይኖርም። በመጨረሻም ባዶ በሆነው ቦታ ከችግኝ ጣቢያ የመጣ የተሻሻለ ቡና ይተከላል። ይህ ቡና ለገበሬው ጠቃሚ ነው፤ በጫካው ቡና አጠገብ ሲተከል ግን ንቦች የአበባውን ብናኝ ያደባልቃሉ፣ የዱሩ ቡና ልዩነትም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።

ከዚህ በተጨማሪ ትላልቅ ውሳኔዎች አሉ። በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ወደ ኢሉባቦር ሰፍረዋል፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማም ከሐረርጌ የመጡ ወገኖች በጨዋቃ ሰፍረዋል። ሕይወታቸውን ለማትረፍ የመጡ ሰዎችን መውቀስ አይገባም፤ ደኑ ግን ተመንጥሯል። በያዩም የድንጋይ ከሰልን መሠረት ያደረገ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ከምዝገባው በኋላ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቆሟል። የቡና ዘረመል የምንጠብቅበት ቦታና ከሰል የምናወጣበት ቦታ አንድ ወረዳ ላይ ሲገናኙ፣ በካርታ ላይ የተሣለ ቀጠና ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም። ቡኖ በደሌ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጥብቅ ስፍራው በሁለት ዞኖች አስተዳደር ሥር ይገኛል። ደኑ ይህን ወሰን አያውቀውም፤ በጀትና ደብዳቤ ግን ያውቁታል።

“ከማን?” ለሚለው የሚሰጥ የመጀመሪያ መልስ

ወደ ዳሪሙ ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መምህር ሆኜ፣ ተማሪዎች ይዤ ወደዚያው ቀበሌ ሄድሁ። ያን ዛፍ ፈለግሁት። ጉቶው ብቻ ነበር። አዛውንቱ አርፈዋል። ልጃቸው ቡና ጠጡ ብሎ ቤቱ አስገባን። ስለ ዛፉ ስጠይቀው በቁጣ ሳይሆን በረጋ ድምፅ መለሰልኝ፦ “ጋሼ፣ አባቴ ሳሉ ያን ዛፍ የሚነካ አልነበረም፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀይ ቀለም ከተቀባ ወዲህ የመንግሥት ነው ተባለ። የመንግሥት ከሆነ ማን ይጠብቀዋል? አንዱ ሳይቆርጠው ሌላው ቀደመ።”

ቀለሙን የቀባሁት እኔ እንደሆንሁ በዚያን ቀን አልነገርሁትም። ዛሬ በአደባባይ እናገራለሁ።

አንድ ጉቶ የሳይንስ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ዛፉ ያለ እኔ ቀለምም ሊቆረጥ ይችል ነበር። ነገር ግን ልጁ የነገረኝ ነገር በምርምር ዓለም የታወቀ ነው። ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ የጋራ ሀብት ሁሉ በተጠቃሚዎቹ ስግብግብነት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ፣ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ማስረጃዎችን አቅርባ ይህ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ አሳየች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተሰጣት። እንደ እርሷ አባባል፣ ማን ተጠቃሚ እንደሆነ የሚታወቅበት፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ የሚያወጡበት፣ ጠባቂው ለእነርሱ ተጠያቂ የሚሆንበት የጋራ ሀብት ለዘመናት ይኖራል። የሚጠፋው ባለቤቱ ያልታወቀው ነው። በዳሪሙ ያ ዛፍ ባለቤት ነበረው፤ እኛ በቀለም ብሩሽ ባለቤት አሳጣነው።

አገራችን ይህን ከተማረች ቆይታለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጭልሞ፣ በቦንጋ፣ በአዳባ ዶዶላ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ደኑን ከነዋሪው ጋር በውል ማስተዳደር እንደሚቻል አሳይቷል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት አውቆታል። ሕጉ አለ። የቀረው በየቀበሌው ሥራ ላይ ማዋል ነው።

ለማን እንከፍታለን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ደን ለሕዝብ ሲከፈት የሚያስፈልገው ዘበኛና የትኬት መስኮት ብቻ አይደለም። በጥሩ ሁኔታ የተከፈተ የተፈጥሮ ማዕከል ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛው፣ ጎብኚው ሊያየው ያለውን አስቀድሞ የሚረዳበት ቤት ነው። ሁለተኛው፣ እግርን የሚመራና የሚገድብ መንገድ ነው፤ አንድ መልካም የእግር መንገድ መቶ የዘፈቀደ መንገዶችን ያስቀራል። ሦስተኛው፣ ቦታውን በኑሮው የሚያውቅ አስጎብኚ ነው።

በአዲስ አበባ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ፣ 705 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ስፍራ ነው። በአንድ ወገን ተመራማሪ አገር በቀል ዕፅዋትን ያባዛል፤ በሌላ ወገን ተማሪና ቤተሰብ ገብቶ ይማራል። የከተማ ልጅ ጥድንና ባሕር ዛፍን ለይቶ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲና አስተዳደር ተባብረው ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ቅርብ ምሳሌ የለንም።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ማዕከል የት ይቀመጥ? ብዙ ሰው “ደኑ መካከል” ይላል። እኔ አልስማማም። ማዕከላዊው ቀጠና ዝግ መሆኑ ጥቅሙ ነው። ለጎብኚ የሚከፈተው በር መቀመጥ ያለበት በሽግግር ቀጠና ውስጥ፣ መንገድና ሰው ባለበት፣ ለትምህርት ቤት በሚቀርብ ቦታ ነው። ጎብኚው በከለላ ቀጠናው ጠርዝ ባለ መንገድ ላይ ተጉዞ የጫካ ቡና፣ የተመነጠረ ጫካ እና የእርሻ ቡና ጎን ለጎን ቢያይ፣ እኔ ዛሬ በአንድ ሰዓት ያስረዳሁትን በዓይኑ ይረዳዋል። በሩ በትክክለኛው ቦታ ሲከፈት፣ መዘጋት ያለበት በር ተዘግቶ ይቆያል።

የመጀመሪያው ጎብኚ ማን መሆን አለበት? ከውጭ የሚመጣ እንግዳ በደስታ ይምጣ። ነገር ግን መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በቱሪስት ገቢ ብቻ ደን ይጠበቃል ብለን ለገበሬው ተስፋ ብንሰጥ እንዋሻለን። የመጀመሪያው ጎብኚ የሁሩሙ፣ የጎሬ፣ የዳሪሙ ተማሪ ነው። በየዓመቱ የቡና ደንን ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራንን እናስመርቃለን፤ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ወደ ደኑ ገብቶ እንደሚያውቅ ራሳችሁን ጠይቁ። አስጎብኚው ደግሞ የማር ቆራጩ ልጅ ይሁን።

ከመስመሩ ውጭ ያለችው ዳሪሙ

ቃል በገባሁት መሠረት ስለ ዳሪሙ ልደምድም። ዳሪሙ በ2002ቱ ምዝገባ ውስጥ አልተካተተችም። በዚህም ምክንያት በቢሮዎቻችን ቋንቋ “ከጥብቅ ስፍራው ውጭ” ትባላለች። ቡናው ግን፣ ንቡ ግን፣ ጉሬዛው ግን ከመስመሩ ውጭ መሆኑን አልሰማም። በየማሳው መካከል የቀሩ የዳሪሙ የደን ጥማዶች ከጠፉ፣ የያዩ ማዕከላዊ ቀጠና በእርሻ ባሕር መካከል ያለ ደሴት ይሆናል። ደሴት የሆነ ደን ደግሞ ቀስ በቀስ ዝርያዎቹን ያጣል። ከመስመሩ ውጭ ያለው ደን በመስመሩ ውስጥ ላለው ደን ድልድይ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ሐሳብ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ያነሣሉ። “ለነዋሪው መብት ብንሰጥ ያው ነዋሪ አይደለምን የሚመነጥረው?” ይላሉ። አዎን፣ ምንጣሮው በነዋሪው እጅ ነው የሚከናወነው። የማር ቆራጩ ጥቅምና የቡና አልሚው ጥቅም አንድ አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይጋጫሉ። ስለዚህ መብት ያለ ደንብ በቂ ነው አልልም። እኔ የምለው፣ ባለመብቱ ያልተሳተፈበት ደንብ በዳሪሙ ተሞክሮ ጉቶ አስቀርቷል ነው። ለጫካ ቡና የተሻለ ዋጋ የሚያስገኝ ገበያም ከደንቡ ጋር አብሮ መምጣት አለበት፤ ካልሆነ ገበሬው ለዓለም ሲል ብቻውን እንዲደኸይ እየጠየቅነው ነው።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ አንድ ነው። አሁን የምትይዙት መሣሪያ እኔ ከያዝሁት እጅግ የተሻለ ነው፤ በስልካችሁ ብቻ ወሰን መለካት ትችላላችሁ። ነገር ግን ወደ ዳሪሙም ሆነ ወደ ሌላ ቀበሌ ስትወርዱ፣ መስመር ከመሣላችሁ በፊት ይህን መዝግቡ፦ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የማን ነው? ምንጩን ማን ያጸዳል? የትኛው መንገድ ወደ መቃብር፣ የትኛውስ ወደ ገበያ ይሄዳል? ኮረሪማ የሚለቅሙት ሴቶች በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ሸለቆ ይለቅማሉ? ለእነዚህ ሁሉ ዓምድ ያለው ቅጽ አዘጋጁ። በቅጹ ላይ ዓምድ የሌለው ነገር በሕግም በበጀትም ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

አዛውንቱ በሕይወት ቢኖሩ የምሰጣቸው መልስ ይህ ነው፦ “አባቴ፣ ደኑን ከእርስዎ ልንጠብቀው አይደለም። ከእርስዎ ጋር ልንጠብቀው ይገባ ነበር፤ እኔም ስምዎን ልጽፍ ይገባኝ ነበር።” ለእርሳቸው አልደረሰም። ለልጃቸው ግን ገና ይደርሳል፤ በመጪው የጥናት ጉዞ ወደዚያ ቤት እሄዳለሁ፣ ቀለሙን ማን እንደቀባውም እነግረዋለሁ። ከእናንተ መካከል አብሮኝ ለመሄድ የሚፈልግ ካለ ከዚህ ገለጻ በኋላ ስሙን ያስመዝግብ።